ቲክቶከሩ ተመልሶ መጣ፣ ዜናው ግን ጠፋ

አዲስ አበባ ላለ አንድ የኦንላይን ሚዲያ ከድሬዳዋ ዜና እልካለሁ። ቋሚ ተቀጣሪ አይደለሁም፤ በላክሁት ልክ ነው የሚከፈለኝ። ድሮ ዜና አለኝ ብዬ ስደውል አርታኢው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ማንን አናገርክ?" ብሎ ነበር። አሁን "ቲክቶክ ላይ ወጥቷል እንዴ?" ነው የሚለኝ። ወጥቷል ካልኩት ደስ ይለዋል። አልወጣም ካልኩት "እስቲ እናየዋለን" ይላል። በቃ፣ ያ ዜና ሞተ።

ልብ በሉ፣ ወጥቷል ማለት እኮ ሌላ ሰው ቀድሞናል ማለት ነው። ድሮ ቢሆን ይቆጣኝ ነበር። አሁን መቀደም ዋስትና ሆኗል። ሌላው ሞክሮታል፣ ሰው አይቶታል፣ ኮመንት ተንጋግቷል፤ ስለዚህ እኛም ብናወጣው ይነበባል። የዕለቱን ዜና የሚመርጠው አርታኢው መሆኑ ቀርቶ፣ ሳቢያን ሰፈር ቁጭ ብሎ ስልኩን የከፈተ አንድ ልጅ ሆኗል።

ስለ ኢንፍሉዌንሰሮች፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ብዙ ተከታይ ስላላቸው ሰዎች፣ ሲወራ "ጋዜጠኝነትን ገደሉት" የሚል አይጠፋም። የሚለው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጋዜጠኛ ነው። እኔ እዚህ ላይ ከሙያ ጓደኞቼ ጋር አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ በአንድ የቦርሳ ታሪክ ልንገራችሁ።

አንዲት ልጅ ከሳቢያን ተሳፍራ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ስትወርድ ቦርሳዋን ባጃጅ ውስጥ ረሳች። ሒሳቡን የከፈለችው በቴሌብር ነው። ቴሌብር እንደምታውቁት ብር ስትልኩ የተቀባዩን ስም ያሳያል። ልጅቷ ደነገጠች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ላይቭ ገባች። "ቦርሳዬን ይዞብኝ ጠፋ" አለች፤ የከፈለችበትንም ደረሰኝ ስሙ እንዲነበብ አድርጋ ለካሜራው አስጠጋችው። አልፈርድባትም። መታወቂያዋም የቤት ኪራይ ብሯም እዚያው ውስጥ ነበር።

ይህ የሆነው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ድሬን ለማያውቅ ሰው ሰዓቱ ምንም አይነግረውም ይሆናል። በዚያ ሰዓት ከተማው ይዘጋል። ሙቀቱ ሱቁን ሁሉ ያስዘጋል፤ ሰው ወይ በርጫ ላይ ነው፣ ወይ ቬንትሌተር ሥር ተጋድሟል፣ በሁለቱም ቦታ ግን እጁ ላይ ስልክ አለ። በዚያ ሰዓት የወጣ ነገር አሥር ሰዓት ሳይሞላ ከመጋላ እስከ ለገሀሬ ያዳርሳል።

ብዙ ተከታይ ያለው አንድ የከተማችን ቲክቶከር ቪዲዮውን ወሰደና ከራሱ ፊት ጎን አድርጎ ለቀቀው። "ይህን ልጅ የምታውቁት ጠቁሙን" አለ። ከዚያ የባሰው መጣ። ሁለት የዜና ገጾች፣ ሎጎ ያላቸው፣ "ትክክለኛና ሚዛናዊ" ምናምን ብለው መግለጫቸው ላይ የጻፉ ገጾች፣ ስክሪን ሻቱን ለጥፈው "ሰበር ዜና፦ በድሬዳዋ የተሳፋሪ ንብረት ይዞ የተሰወረው አሽከርካሪ ማንነት ታወቀ" አሉ። የተሰወረው ልጅ በዚያ ሰዓት እቤቱ ምሳ እየበላ ነበር።

የእኔም አርታኢ ደወለ። "ፍጠን እንጂ፣ ሁሉም አወጡት" አለኝ። እኔ ቅርብ ስለነበርኩ በእግሬ ወደ ባጃጅ ተራው ሄድኩ። ተራ አስከባሪው ኒም ዛፍ ሥር ወንበሩን አጋድሞ ተኝቷል። ቀስቅሼ ስለ ቦርሳ ጠየቅሁት። በጣቱ ከኋላው ያለችውን የቆርቆሮ ሱቅ አሳየኝ። ቦርሳው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ልጁ ተሳፋሪዋን ካወረደ በኋላ አይቶት፣ ተመልሳ ትመጣለች ብሎ ለእሱ ሰጥቶት ነው ምሳ የሄደው።

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?" አልኩት።

"አቦ፣ ማን ጠየቀኝ?" አለ።

ይህን መልስ ብዙ ቀን አሰብኩት። እዚያ ቦታ ለመድረስ መኪና አያስፈልግም፣ ፈቃድ አያስፈልግም፣ የጋዜጠኝነት ዲግሪም አያስፈልግም። ሁለቱ ገጾች ደግሞ በስልክም ቢሆን ድሬ ያለ አንድ ሰው ቢያገኙ በሩብ ሰዓት ይጣራ ነበር። ማንም አልጠየቀም።

ልጁ ያን ቀን ከሰዓት ሥራ መውጣት አልቻለም። ወጥቶም ብዙ አልቆየ፤ አንዱ የባጃጁን የጎን መስታወት ሰበረበት። ቦርሳው ለባለቤቱ ከተመለሰ በኋላ ሁለቱ የዜና ገጾች ምን አደረጉ? አጠፉት። ማስተካከያ የለ፣ ይቅርታ የለ። ገጹን ብትፈልጉ እንዲህ ያለ ዜና ወጥቶ የሚያውቅ አይመስልም። እኔም ለአርታኢዬ ነገሩ ሐሰት መሆኑን፣ ነገር ግን ራሱ ሐሰቱ ዜና እንደሆነ፣ የአንድ ልጅ ስም በሦስት ሰዓት ውስጥ እንዴት እንደጠፋ ብንጽፍ ጥሩ እንደሆነ ነገርኩት። "ቦርሳው ተገኘ የሚል ዜና ማን ያነባል?" አለኝ።

ቲክቶከሩስ? ቲክቶከሩ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ባጃጅ ተራው ድረስ መጣ። ስልኩን የባጃጁ መሪ ላይ አስደግፎ ከልጁ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ላይቭ ገባ። ቀን የተናገረውን መልሶ ተናገረ፣ ተሳስቻለሁ አለ፣ ልጁን በተከታዮቹ ፊት ይቅርታ ጠየቀ፣ ለመስታወቱም ከራሱ ኪስ ከፈለ። ኮመንት ላይ የሰደበው ብዙ ነው። እየሰደቡት አነበበው። በኋላ ለምን እንደመጣ ስጠይቀው ስለ ሥነ ምግባር ምናምን ንግግር ያደርግልኛል ብዬ ነበር። "ነገ በየት በኩል ላልፍ ነው?" አለኝ። "ድሬ እኮ ትንሽ ናት። ልጁ ወንድም አለው፣ ወንድሙ ጀለሴን ያውቀዋል።"

እና እኔ የምለው ይህንን ነው። ሚዲያዎቻችን ከኢንፍሉዌንሰሮቹ መጥፎ መጥፎውን ለቅመው ወሰዱ። ጥድፊያውን፣ "ሰበር" የሚለውን፣ አፉን የከፈተ ሰው ያለበትን ተምኔል (የቪዲዮ ሽፋን ምስል)፣ መልሱን የማይነግርህን ርዕስ። ጥሩውን ተዉት። ጥሩው ፊት ነው። የሚናገረው ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል፣ የት እንደሚውል ይታወቃል፣ ሲሳሳት የሚሰድበው ሰው እዚያው ሥር ይጽፍለታል። የዜና ገጹ ግን ፊት የለውም። አድሚኑ ድሬ ይሁን ደብረ ዘይት ማን ያውቃል?

ዩኔስኮ በ2024 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ45 አገሮች 500 የይዘት ፈጣሪዎችን ጠይቆ ነበር። 62 ከመቶ የሚሆኑት አንድን ነገር ከማጋራታቸው በፊት ትክክል መሆኑን እንደማያጣሩ ተናገሩ። ቁጥሩ ሲወጣ ጋዜጠኞች ግሩፕ ውስጥ "አላልንም?" እየተባለ ሲዘዋወር ነበር። እኔ ግን ያንኑ ጥያቄ ለእኛ ቢያቀርቡልንስ ብዬ ነው ያሰብኩት። "ከማኅበራዊ ሚዲያ ያገኘነው መረጃ እንደሚያመለክተው" ብለን የጻፍነው ሁሉ ማጣራት ነው? ያ ዐረፍተ ነገር እኮ አላጣራሁም ማለት ነው፣ በክራቫት።

ተመልካቹ ደግሞ ምርጫውን አድርጓል። የሮይተርስ ኢንስቲትዩት የ2023 ሪፖርት ቲክቶክ፣ ኢንስታግራምና ስናፕቻት ላይ ሰው ለዜና ከጋዜጠኞች ይልቅ ለታዋቂ ሰዎችና ለኢንፍሉዌንሰሮች ጆሮ እንደሚሰጥ አሳይቷል። አሜሪካ ውስጥ ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2024 ባወጣው ጥናት ከ30 ዓመት በታች ካሉት 37 ከመቶው ዜናን በመደበኛነት የሚያገኙት ከእነዚህ ሰዎች ነው፤ ከሰዎቹ ደግሞ 77 ከመቶው በዜና ተቋም ውስጥ ሠርተው አያውቁም። ይህ አሜሪካ ነው። የእኛን ለማወቅ ግን አንድ ከሰዓት ከዚራ ካፌ ገብቶ የሰዉን ስክሪን መስረቅ ይበቃል፤ የዜና ድረ ገጽ የከፈተ ሰው ካያችሁ ቡናውን እኔ እከፍላለሁ።

እንዴት እዚህ ደረስን የሚለው ረጅም ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። አብዛኛው የአማርኛ የኦንላይን ሚዲያ የቆመው ፌስቡክ ላይ ነበር። በፈረንጆቹ 2018 መጀመሪያ ፌስቡክ ከዜና ገጾች ይልቅ የወዳጅና የቤተሰብ ጽሑፍ እንዲቀድም አሠራሩን ሲለውጥ፣ የገጾቹ ተደራሽነት ወረደ፤ ጩኸት የጀመረው ያኔ ነው። ከዚያ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2014 ላይ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የመጀመሪያ የሙከራ አገልግሎቱን ድሬዳዋ ላይ ጀመረ። ከአዲስ አበባ ቀድመን። አዲሱን ሲም ለመያዝ የነበረውን ወረፋ የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሲም የሌለው ወጣት ማግኘት ከበደ፤ ላይቭ የሚገባውም በዛ። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም ለአምስት ወር ያህል ሲዘጉ ደግሞ ወጣቱ ቪፒኤን ጭኖ ቀጠለ፣ በእኔ ትዝብት የተጎዱት በዕድሜ የገፉት የገጾቹ አንባቢዎች ናቸው። መንገዱ ሲከፈት ብዙዎቹ አልተመለሱም።

አሁን ወደ ስብሰባ አዳራሽ እንግባ፤ እዚያ ነው ነገሩ በዓይን የሚታየው።

በቅርቡ አንድ የንግድ ቤት ምረቃ ላይ ተጠርቼ ነበር። ፊት ለፊት ያሉት ሶፋዎች ላይ "ለክብር እንግዶች" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጋዜጠኞች ኋላ፣ ከስፒከሩ አጠገብ። ትንሽ ቆይቶ ቲክቶከሮቹ ገቡ። ረዳት አላቸው፣ መብራት የሚይዝላቸው ልጅ አላቸው፣ አንዷ ሁለት ቀሚስ ይዛ ነው የመጣችው። ሶፋው የእነሱ ነበር። ትልቁን ካሜራ ትከሻው ላይ ተሸክሞ የመጣው የቴሌቪዥን ካሜራማን ቀረጻ ሲጀምር አንዱ የመብራት ልጅ "ወንድም፣ ፍሬም ውስጥ ገብተህብናል" አለው። ሰውየው ሃያ ዓመት የሠራ ካሜራማን ነው። ዝም ብሎ ወደ ጎን ተጠጋ።

ጥያቄ ካለ ሲባል ማንም አልጠየቀም። ቲክቶከሮቹ ተከፍሏቸዋል፤ ለምን ይጠይቃሉ? እኛም አልጠየቅንም። እዚህ ጋ ራሳችንን ንጹሕ አድርገን እንዳናወራ። የጋዜጠኛው አበል በፖስታ የሚሰጥበት አገር ውስጥ "ኢንፍሉዌንሰሮቹ ተከፍሏቸው ነው የሚያወሩት" ማለት ያስቃል። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው፤ የእነሱ ክፍያ ብዙ ነው፣ የእኛ ትራንስፖርት ይባላል። የማስታወቂያ አዋጁ፣ 759/2004፣ ማስታወቂያ ከሌላው ይዘት ተለይቶ መታወቅ አለበት ይላል። እስቲ የትኛው ቪዲዮ ላይ ነው "ይህ ማስታወቂያ ነው" የሚል ያያችሁት? የትኛውስ የምረቃ ዜና ላይ?

በነገራችን ላይ ያች ሁለት ቀሚስ ይዛ የመጣችው ልጅ ከሁላችንም የተሻለ ነገር አደረገች። ከምረቃው በኋላ ወጥታ በሩ ላይ ሻይ የምትሸጠውን እናት "አዴ፣ ይህ ቤት ሲሠራ እርስዎን የት አነሱዎት?" ብላ ጠየቀቻቸው። በኦሮምኛ ጀመረች፣ መሃል ላይ አማርኛ ገባ፣ ሴትዮዋ በሶማልኛ ቀልደው መለሱላት፣ ሳቁ። ቪዲዮው አንድ ደቂቃ አይሞላም። የምረቃው ዜና ግን እሱ ነበር።

ቋንቋው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከአዲስ አበባ የሚጽፉ ሰዎች ይህን አያዩትም። የከተማችን መገናኛ ብዙኃን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይሠራል፣ ለሁሉም የየራሱ ሰዓት አለው። ጥሩ ነው፣ መብትም ነው። የድሬ ሰው ግን በሰዓት ተከፋፍሎ አያወራም። ቀፊራ ገበያ ገብታችሁ ዋጋ ስትከራከሩ በአንድ ትንፋሽ ሦስት ቋንቋ ይገባል፣ ሐረሪ ከተጨመረ ደግሞ አራት። ይህን ድምፅ ዜና ውስጥ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቲክቶከሮቹ ናቸው ያመጡት። ማንም ስላላስተማራቸው፣ "የዜና አማርኛ" የሚባል ነገር ስላልገባባቸው ነው። አሁን አንዳንድ የኦንላይን ሚዲያዎች ያን አነጋገር መኮረጅ ጀምረዋል። አዲስ አበባ ተቀምጦ "አቦ" እያለ የድሬን ዜና የሚያነብ ልጅ ሰማሁ። ወላሂ አፈርኩለት።

ገንዘቡ ዜናውን እንዴት እንደሚያጣምመውም ላንሳ። ብዙ ቲክቶከር የሚኖረው በላይቭ ስጦታ ነው፤ ተመልካቹ በገንዘቡ ኮይን ገዝቶ በሚልክለት ምልክት። ስጦታ የሚልከው ደግሞ አብዛኛው ውጭ ያለው ወገናችን ነው። አንበሳ የሚባለው ስጦታ 29,999 ኮይን ነው፤ ኩባንያው የራሱን ድርሻ ቆርጦም ቢሆን አንድ አንበሳ የወር ኪራይ ይሸፍናል። እና ሰሜን አሜሪካ ያለው የድሬ ልጅ ከሥራ ወጥቶ ስልኩን ሲከፍት እዚህ ሌሊት ነው። ስለዚህ የድሬዳዋ ወሬ ሌሊት ነው የሚመረተው። የሚወደደውም የሚታወቅ ነው፦ የድሮው ባቡር ጣቢያ፣ የልጅነት ሰፈር፣ ወይም ጠብ። የውኃ መቋረጥ አንበሳ አያስልክም። የሚገርመው፣ ስጦታ የማይደርሰው የዜና ገጽም በዚያው ሰዓትና በዚያው ርዕስ ላይ መጻፍ ጀመረ። ሌሊት ተጣሉ፣ ጠዋት ዜና ሆነ። ሁለት ሰው ላይቭ ላይ ስለተሳደበ ዜና እንድልክ የታዘዝኩበት ጊዜ አለ። የውኃውን ዜና ግን ሦስቴ ልኬ አንዴም አልወጣም።

ደግሞ ስለ ደቻቱ ሳላወራ ብቀር የድሬ ሰው አይደለሁም።

ደቻቱ በከተማችን መሃል የሚያልፍ ወንዝ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ጎርፉ የሚመጣው ድሬ ላይ ስለዘነበ አይደለም፤ ላይ፣ ደንገጎና የሐረርጌ ደጋ ላይ ሲዘንብ ነው። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ውኃው ይደርሳል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ለሊት የሆነው ይኸው ነው። ሰው እንደተኛ ነበር፤ ከ250 በላይ ሰው አለቀ። ያኔ ማንም ስልኩ ላይ ምንም አልደረሰውም። ብዙው ሰው ስልክም አልነበረውም።

በአለፈው ክረምት ከሐረር ሲመለስ የነበረ አንድ ልጅ ደንገጎ ቁልቁለቱ ላይ መኪናውን አስቁሞ ቀረጸ። ዶፍ ነው፣ መንገዱ አይታይም። "ደቻቱ ዳር ያላችሁ፣ ቀፊራ ያላችሁ፣ ዕቃችሁን አንሱ፣ ይህ ውኃ ወደ እናንተ ነው የሚመጣው" አለ። ሃያ ሰከንድ ብቻ። ኢንፍሉዌንሰር እንኳን ሊባል አይችልም፣ የሚለቀው የመኪና ቀልድ ነበር። እኔ ያየሁት እህቴ ልካልኝ ነው። ጎርፉ ሲደርስ መሸጫቸውን ያነሱ ሰዎች ነበሩ፤ ያቺን ቪዲዮ አይተው እንደሆነ እነሱው ነገሩኝ። የትኛውም የዜና ተቋም ይህን ለማድረግ ደንገጎ ላይ ሰው አላስቀመጠም፣ እኔንም ጨምሮ።

በሳምንቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሌላ ልጅ ያንኑ ቪዲዮ ቀኑን ሳይጽፍ መልሶ ለቀቀው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ቀፊራ ግን ተተራመሰ። አዴዎቹ ጫታቸውን በማዳበሪያ እየጠቀለሉ ሮጡ። አንድ ገጽ ደግሞ "በድሬዳዋ የጎርፍ ስጋት" ብሎ አወጣው። ያው ቪዲዮ፣ ያው ድምፅ። ቪዲዮው ላይ ያለው ልጅ ኮመንት ሥር ገብቶ "ይህ የእኔ ነው፣ ያለፈው ሳምንት ነው፣ አውርዱት" ብሎ ሦስቴ ጻፈ። ኮመንቱን አጠፉበት። እኔ ኢንፍሉዌንሰሮቹን ከማማት የተቆጠብኩት ከዚህ በኋላ ነው። ዜናውን ያመጣው እሱ፣ ማስተካከያውንም ያመጣው እሱ፣ ያፈነው ደግሞ የዜና ገጹ።

ሕጉም ይህን መደበላለቅ ቀድሞ ያየው ይመስለኛል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭት አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ቅጣት ይጠብቀዋል ይላል። ሥራው የተፈጸመው በብሮድካስት፣ በኅትመት፣ ወይም ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ግን እስራቱ እስከ ሦስት ዓመት፣ ቅጣቱም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። እስቲ አስቡት፣ የመኪና ቀልድ የሚለቀው ልጅ ከ5,000 ሲያልፍ በዚህ አንቀጽ ፊት ከቴሌቪዥን ጣቢያ እኩል ቆመ። ጣቢያው ግን የሕግ ባለሙያ አለው፣ አርታኢ አለው፣ "ቆይ፣ ይህን ደግመህ አጣራ" የሚለው ሰው አለው። ወይም ሊኖረው ይገባ ነበር። ልጁ ያለው ቻርጀር ነው። ለቲክቶከሮቹ ይህን ስነግራቸው ግማሾቹ አልሰሙም ነበር። አንዱ ደንግጦ "እንግዲያው አካውንቴን ሁለት ቦታ ልክፈለው?" አለኝ። ሳቅሁ፣ እሱ ግን አልሳቀም።

ያ የባጃጁ ቲክቶከር አሁን ይደውልልኛል። ከመልቀቁ በፊት "ይህን ነገር አጣራልኝ" ይለኛል። እኔ ለቢሮዎቹ እደውላለሁ፤ እሱ የማይገባበት ቦታ በመታወቂያዬ እገባለሁ። እሱ ደግሞ እኔ የማልደርስበት ሰፈር ይደርሳል፣ ሰውም ለእሱ ያወራል። ገንደ ቆሬ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ባለቤቲቱ ለእኔ "ምንም አላየሁም" ካሉ በኋላ ወደ እሱ ዞረው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲተርኩለት ሰምቻለሁ። ምን ላድርግ፣ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ።

ግን አንጣላም ማለት አይደለም። መቼ ይለቀቅ በሚለው ሁሌ እንጣላለን። እሱ "አሁን"፣ እኔ "ቆይ አንድ ሰው ይቀረኛል"። አንዳንዴ እሱ ይለቀዋል፣ እኔ ስልኩን አላነሳለትም፣ በነጋታው ከዚራ ሻይ ቤት ተገናኝተን እንታረቃለን።

አሁን የያዝነው ጠብ ግን ከባድ ነው፣ እሱ ደግሞ ትክክል ነው። የእኔ አርታኢ ከእሱ ቪዲዮ ላይ ምስል እየቆረጠ "ምንጭ፦ ማኅበራዊ ሚዲያ" ብሎ፣ በላዩ ላይ የሚዲያውን ሎጎ እየለጠፈ ያወጣል። ስሙ የለም፣ ክፍያ የለም፣ ማስፈቀድማ ጭራሽ። ለእኔ ግን ለጽሑፉ ይከፈለኛል። "እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜ የቀረጽኩትን አንተ ጥላ ሥር ጽፈህ ትበላበታለህ" አለኝ። ስለዚህ የክፍያ መጠየቂያ አዘጋጀን። የተወሰዱትን ቪዲዮዎች በቀናቸው ዘረዘርን፣ በእያንዳንዱ ፊት ሒሳቡን ጻፈ፣ ስሙ በትክክል እንዲጠቀስም ጠየቀ። ለአርታኢው በኢሜይል የላክሁት እኔ ነኝ።

አርታኢው እስካሁን መልስ አልሰጠም። ትናንት ግን ደውሎልኝ ነበር፤ ስለ ሌላ ነገር። "ያ ልጅ ዛሬ ምን ለቀቀ?" ሊለኝ።